በአሮጌ ሞተር ኤሌክትሪክ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ወደ ጋራዣችን እየተገፉ የሚመጡ ሞተሮች ይበዛሉ። አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው፤ ያማሃ ዲቲ፣ ሆንዳ ኤክስ ኤል፣ ሲጂ 125። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ፌስታል ይዞ ነው የሚመጣው። ፌስታሉ ውስጥ ተፈትተው የተቀየሩ ዕቃዎች አሉ፦ ባትሪ፣ ሬጉሌተር (ቻርጁን የሚመጥነው)፣ ኮይል፣ ሲዲአይ (የካንዴላውን ብልጭታ በጊዜው የሚያስነሳው ሳጥን)። አንድ በአንድ ስለካቸው አብዛኞቹ ደህና ሆነው አገኛቸዋለሁ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ሰው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ የገዛው ዕቃ ነው።

ስለዚህ ትልቁ ስህተት ሳይለኩ ዕቃ መግዛት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የግብርና ባለሙያ ሞተራቸውን በአይሱዙ አስጭነው አመጡ። ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቱ ይበራል። ማስነሻውን ሲጫኑ ግን ቀጭ ይልና ዝም ነው። መጀመሪያ «ባትሪው ሞቷል» ተባሉ፤ ገዙ። ቀጥሎ «ሪሌው ነው» ተባሉ፤ ገዙ። በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ልከው ሞተሪኖ (ኢንጅኑን አዙሮ የሚያስነሳውን) አስመጡ። ለውጥ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ቀበሌዎቹን በእግራቸው ሲያዳርሱ ከረሙ።

ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) አወጣሁ። ባትሪው ላይ 12.7 ቮልት አነበብኩ፤ ሙሉ ነው። ማስነሻውን ስጫን 12.5 ላይ ቆመ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሞተሪኖ ሲዞር ብዙ ከረንት ስለሚስብ የባትሪው ቮልት ወደ 11 ወይም 10 መውረድ አለበት። ካልወረደ ከባትሪው እየተሳበ ያለ ነገር የለም። መንገድ ላይ አንድ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። ቀጥዬ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኢንጅኑ ላይ ቀለም የሌለው ብረት ላይ አስነካሁና ማስነሻውን ተጫንኩ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ አልነበረበትም። 11 ቮልት አሳየኝ።

ችግሩ ግራውንዱ ነበር፤ ማለትም የሞተሩን ብረት ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው መስመር። ሻንሲው ቀለም ሲቀባ የኔጌቲቩ ገመድ በቀለሙ ላይ ታስሯል። ቆይቶ ደግሞ ሥሩ ዝጓል። ለመብራት የሚበቃ ትንሽ ከረንት ያልፋል፤ ለሞተሪኖ የሚበቃው ግን አያልፍም። ብሎኑን ፈታሁ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፣ መልሼ አጥብቄ አሰርኩትና ከላይ ግሪስ ቀባሁት። አንዴ ሲጫኑት ተነሳ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሞተሩን አዩት።

ለጀማሪዎች ደጋግሜ የምላችሁ ይሄንን ነው። በአሮጌ ሞተር ላይ ዕቃው ከመሞቱ በፊት የሚሞተው መገናኛው ነው። ብሎን፣ ስፒና (ገመድና ገመድ የሚሰካካበት)፣ የቁልፍ ቤት ውስጥ ያለች የመዳብ ምላስ። አንድ ርካሽ ቴስተር ግዙ። ሁለት ቁጥር ያዙ። ሲያድር ባትሪው ከ12.6 በላይ ይሁን፤ ተነስቶ ነዳጅ ስትሰጡት ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ይግባ። ነዳጅ ስትሰጡት 12 ላይ ከቀረ ችግሩ ቻርጅ አለማድረጉ ነው፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም በሳምንቱ ይሞታል። ከዲናሞው ሦስት ቢጫ ገመድ የሚወጣለት ሞተር ከሆነ ስፒናውን ንቀሉና ሁለት ሁለቱን እያደረጋችሁ ኦሙን ለኩ። ሦስቱም ንባብ እኩል መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዳቸውም ከኢንጅኑ ብረት ጋር መገናኘት የለባቸውም። ይሄን ሳታዩ ሬጉሌተር አትግዙ።

የሚቀጥለውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ሙያውን የተማርኩት ያማሃ ላይ ነው። ያማሃ ላይ ጥቁር ገመድ ግራውንድ ነው። የመጀመሪያውን ሆንዳ ሲሰጡኝ የኋላ መብራቱን ግራውንድ ጥቁሩ ላይ አሰርኩት። ሆንዳ ላይ ግን ግራውንዱ አረንጓዴ ነው። ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ፖዘቲቭ የሚያመጣው ዋናው መስመር ነው። ቁልፉን ስከፍት ፊውዙ ተቃጠለ። ያኔ ቆሜ «ለምን?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፊውዙ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠመጠምኩና እንደገና ከፈትኩት። ከሰልባትዮው ሥር ጭስ ወጣ። ባትሪውን ነቅዬ እስክደርስ ገመዶቹ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በላያቸው ነዳጅ እንደነበረ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ገመዱን በሙሉ በራሴ ገንዘብ ተካሁ።

ፊውዝ ላይ ሽቦም፣ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀትም አትጠምጥሙ። የተቃጠለ ፊውዝ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ ይልቅ ይሄን ሞክሩ። በፊውዙ ቦታ የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሁለት ገመድ አስገቡ። ሾርት ካለ፣ ማለትም የፖዘቲቩ ገመድ የሆነ ቦታ ግራውንድ ከነካ፣ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ ገመዱ ግን አይቀልጥም። አሁን ስፒናዎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፦ ክላክስ፣ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራት፣ የፊት መብራት። አንዱን ስትነቅሉ አምፖሉ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ሾርቱ ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው። ስለ ቀለም ደግሞ፣ የአሮጌ ሞተር ገመድ ስንት እጅ እንዳለፈበት አይታወቅም። ቀለሙ ይጠቁማችሁ እንጂ ሳትለኩ አትመኑት።

ገመዱን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልም አለ። ለዛሬ ወደ ቤት ያደርሳችኋል፤ ነገ ፍቱትና በየዱት። በተለይ መሪው ሥር። መሪው ግራና ቀኝ በዞረ ቁጥር ገመዱ እዚያ ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ግን ደህና ይመስላል። «ቀጥ ብዬ ስሄድ ይሠራል፤ ስታጠፍ ይጠፋል» የሚል ሰው ከመጣ ሌላ ቦታ አልፈልግም። ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ እያልኩ እስበዋለሁ። መዳቡ የተበጠሰበት ቦታ ላይ ላስቲኩ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ደህናው ገመድ አይለጠጥም። አንድ ጊዜ በእጃችሁ ካወቃችሁት አትረሱትም።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

የዕቃ መጫኛ ሲበየድ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፤ ሲዲአይ ካለውም ስፒናውን አውጡ። ላቫጆ ስትወስዱት ውኃው በግፊት መሪው ላይ ያሉት ማብሪያና ማጥፊያዎች ላይ እንዳይረጭ ንገሩ። ታጥቦ አልነሳ ካለ መጀመሪያ እነሱን አድርቁ። ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፤ ስትገጥሙ ኔጌቲቩን አስከትሉ። አሲድ የሚጠጣ ባትሪ ውኃው ሲጎድል የሚጨመርለት የተጣራ ውኃ ነው፤ የቧንቧ ውኃ አይደለም፣ አሲድም አይደለም። የመኪና ባትሪ ቤት ስትወስዱት ደግሞ የእናንተ ትንሽ መሆኗን ንገሯቸው። 7 አምፒር አወር የሆነች ባትሪ የምትፈልገው 0.7 አምፒር ገደማ ነው፤ በመኪና መጠን ከሞሏት ፈልታ ትሞታለች።

ካንዴላ ስትሞክሩ የካንዴላውን ብረት ከኢንጅኑ ጋር በደንብ አስነኩ። በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ የእግር ማስነሻውን ብትረግጡ ሲዲአዩን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። የካንዴላው ቀዳዳ ነዳጅ ስለሚተፋ ብልጭታውን ከቀዳዳው አርቁ።

አሁን የ6 ቮልት ሞተሮች። ብዙ ወጣት መካኒኮች አያውቋቸውም፤ እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለመብራቱ ሬጉሌተር የላቸውም። ዲናሞው የሚያወጣው ኃይል ከአምፖሎቹ ዋት ጋር ተመጣጥኖ ነው የተሠራው። አንዱ አምፖል ሲቃጠል የእሱ ድርሻ ወደ ቀሪዎቹ ይሄድና ነዳጅ ሲሰጥ እነሱንም ያቃጥላቸዋል። አንድ ደንበኛ በወር ሦስት ጊዜ የኋላ አምፖል ይቀይር ነበር። የኋላውን ገመድ ሁሉ ፈትሸን ምንም አጣን። ጥፋቱ ከፊት ነበር። «መብራት እንዳይበላ» ብሎ ዋቱ ያነሰ የፊት አምፖል አስገብቷል። ትክክለኛውን ስናስገባ የኋላው መቃጠል አቆመ። አምፖል ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቮልቱና ዋቱ አንገቱ ላይ ተጽፏል።