ከወሊድ በኋላ ፀጉር ሲረግፍ ምን ይደረግ?

ባሕር ዳር ውስጥ በብዙ ክርስቲያን ቤት አራስ ደምቃ የምትታየው በክርስትናው ቀን ነው፤ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን። ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ነጭ ለብሳ ከሰው ፊት ትቀርባለች። ሳምንታት ሳይቆዩ ሚዶው በፀጉር ይሞላል። ያኔ ቤተ ዘመዱ “የሰው ዓይን ነው” ይላል። ጊዜው ስለሚገጥም እንዲህ መባሉ አይገርምም፤ ፀጉሩ ግን መርገፉን የጀመረው ልጁ የተወለደ ዕለት ነው ማለት ይቻላል።

በደህናው ጊዜ ከራስ ፀጉር ከ85 እስከ 90 በመቶው እያደገ ነው። የቀረው አርፎ መውደቂያውን ይጠብቃል። በእርግዝና ወቅት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚጨምር መውደቅ የነበረበትም ሳይወድቅ ይቆያል፤ ሆድሽ ሲገፋ ፀጉርሽ የበዛልሽ ለዚህ ነው። ስትወልጂ ሆርሞኑ በአንዴ ያሽቆለቁላል፤ የሰነበተው ሁሉ አብሮ ያርፍና ከ2 እስከ 4 ወር ውስጥ ይረግፋል። በ4ኛው ወር አካባቢ ይብሳል፤ ልጁ ዓመት እስኪሞላው የአብዛኛዋ እናት ፀጉር ይመለሳል። ለፀጉርሽ ብለሽ ጡት አታስጥዪ፤ መፍትሔው እሱ አይደለም።

እርጉዝ ሳለሽ ከረገፈ

ይህ የተለየ ነገር ነው፤ ምክንያቱን መፈለግ ያሻል። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መታወክ፣ ምግብ የሚያስከለክል ብርቱ ትውከት ሊሆን ይችላል። በጣና ዙሪያ ደግሞ ወባ አለ፤ ኃይለኛ ትኩሳት ከያዘሽ ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ፀጉር ሊረግፍ ይችላል። በወሊድ ክትትልሽ ቀን ለአዋላጇ ንገሪያትና የደም ምርመራ ውጤትሽን ጠይቂ። በእርግዝና ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል።

ከመደንገጥሽ በፊት ቁጠሪ

በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ግን የዕለቱን ዕለት አታየውም፤ የረገፈው እዚያው ጉንጉኑ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ቆይታ ስትፈታው ከ700 እስከ 1,400 የሚደርስ ፀጉር በአንዴ እጇ ላይ ይወጣል። ጤነኛ ራስ ነው! ስለዚህ ሹሩባ የፈታሽበትን ቀን መለኪያ አታድርጊው። ይልቅ ፀጉርሽ ተፈቶ በሚውልበት ሳምንት ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ተመልከቺ።

ገንፎው ላይ የሚጨመር

የአራስ ገንፎ በቅቤ ጉልበት ይሰጣል፤ ፀጉር ግን ፕሮቲንና አይረንም ይፈልጋል። ሐይቁ ደጃችን ነው፤ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ በደንብ አብስለሽ ብዪ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንም ጨምሪ። ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፤ በውስጣቸው ያለው አይረን በተሻለ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል።

ችግሩ ቡናው ነው። አራስ ጠያቂ አታጣም፣ ጠያቂ ካለ ደግሞ ቡና አለ፤ የዘጌ ቡና ከተፈላ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ይሁንና ቡናና ሻይ አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። የታዘዘልሽን የአይረን ክኒን ከቡናው በአንድ ሁለት ሰዓት አርቀሽ ዋጪ። “ለፀጉር” እየተባለ የሚሸጠውን ቫይታሚን ግን በራስሽ አትጨምሪ፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ለፅንስ አደገኛ ነው፣ ራሱም ፀጉር ያረግፋል።

አያያዙ

ፀጉር በሚረግፍበት ወቅት ሹሩባ ሠሪዋን “ላላ አድርጊው” በያት፤ ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ያለው ቀጭን ፀጉር ጠብቆ ከተጎተተ ሥሩ ይጎዳል፣ ሲደጋገም ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። የሚሰፋ ሂውማን ሄርም ለጊዜው ይቆይ። ጥርሱ ሰፊ በሆነ ሚዶ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር አበጥሪ።

ቅቤውን ተዪ አልልም፤ እናቶቻችን ያለ ነገር አልቀቡንም። ያለሰልሳል፣ እንዳይሰባበር ይረዳል። መርገፉን ግን አያቆምም፣ በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ቶሎ ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል፣ ይሸታል። ተቀቢና እጠቢው። ሚኖክሲዲል የተባለውን ማብቀያ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኪ።

የልጁን ጣቶች ፈትሺ

ይህን ብዙ ሰው አይነግርሽም። የረገፈ ፀጉር የሕፃኑ የእጅ ወይም የእግር ጣት ላይ፣ በወንድ ልጅ ብልት ላይም ሊጠመጠምና የደም ዝውውር ሊያግድ ይችላል። ባጠብሽው ቁጥር በየጣቱ መሃል እይ፣ ካልሲውንም ገልብጠሽ አራግፊ። ልጁ ያለ ምክንያት ሲያለቅስ መጀመሪያ እግሩን እይ። ጣቱ ቀልቶ ካበጠና ፀጉሩ ወዲያው ካልወጣልሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ሩጪ።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

እንደ ላሽ ክብ ሆኖ ከተመለጠ፣ የራስ ቆዳሽ ከተቆጣና ከቀረፈ፣ መርገፉ ዓመት ካለፈው፣ ወይም ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የአንገት እብጠት ከታከለበት ቀጠሮ አትጠብቂ። ከወሊድ በኋላ ታይሮይድ ሊታወክ ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። በአቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ ካስፈለገ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኩሻል።

ከወራት በኋላ ግንባርሽ ላይ አጫጭር ፀጉር ብድግ ብድግ ሲል ታያለሽ። ሹሩባ ሠሪዋ “ተሰባብሮብሻል፣ እንቁረጠው” ትልሽ ይሆናል። አንዱን ብርሃን ላይ ያዢና ጫፉን እይ፤ የተሰበረ ፀጉር ጫፉ ድፍን ነው፣ አዲስ የበቀለ ግን እየቀጠነ ይሄዳል። ጫፉ ቀጭን ከሆነ አታስቆርጪው። በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ እስከዚያው ሻሽ ይበቃዋል።