«ዲሊቲንግ» ብሎ የቀረ የፕሪንት ወረፋ እንዴት ለቀቀ

ቤት ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ አሁንም በዊንዶውስ 7 ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ፕሪንት ሲባል ዝም። ወረፋው ላይ አንድ ፒዲኤፍ ተገትሯል፣ ልሰርዘው ስል «ዲሊቲንግ» ይላል እንጂ አይጠፋም፣ ከኋላው የተላከው ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ፕሪንተሩን አጥፍቶ ማብራት አይፈይድም፤ የተላከው ሥራ የተቀመጠው ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ነዋ! ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) እንደ አዲስ ጫኑ የሚል ምክር ሞልቷል፣ ለዚህ ግን አያስፈልግም።

መፍትሔው ይኸው። ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱና «ፕሪንት ስፑለር»ን (የሕትመት ወረፋውን የሚያስተናግደውን የዊንዶውስ አገልግሎት) ስቶፕ በሉት። ሳታቆሙት ፋይሎቹ አንጠፋም ይላሉ። ከዚያ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ እያላችሁ ግቡ፤ ፈቃድ ከጠየቀ ኮንቲኒው በሉት። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ አጥፉ፣ ፎልደሩን ራሱን እንዳትነኩ፣ ጎን ያሉትንም ተዉአቸው፣ ድራይቨሮቹ እዚያው ሰፈር ናቸው። ተመልሳችሁ ስፑለሩን ስታርት።

የኔው ወዲያው ማተም ጀመረ። የእናንተ አሁንም ደብዝዞ «ኦፍላይን» ካለ፣ የወረፋውን መስኮት ከፍታችሁ «ፕሪንተር» ከሚለው ሜኑ «ዩዝ ፕሪንተር ኦፍላይን» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። የዩኤስቢ ገመዱን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ከሆነ ደግሞ «ኮፒ 1» የሚል ሁለተኛ ፕሪንተር ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱን ዲፎልት (ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ የሚያትምበት) አድርጉት ወይም ገመዱን ወደ ድሮው መልሱት።