የማግሬብ ጩቤ ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ጩቤ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው። ከሞሮኮ እስከ ሊቢያ ባለው አገር ለተሠራ ጩቤ ግን ይሄ ጥያቄ ቢዘገይ ይሻላል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ባለቤቱ ከሰውነቱ የት ላይ ታጥቆት እንደነበረ ነው፤ ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ካለማየት ነው።

ቆልማማውን ሁሉ ጃምቢያ ማለት

የመንን ወይም የባሕረ ሰላጤውን አገሮች የሚያውቅ ሰው ቆልማማ ጩቤ ሲያይ «ጃምቢያ» ይላል፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ የአፋር ጊሌ ይመስለዋል። የሞሮኮው ኩሚያ ከሁለቱም ይለያል። ጃምቢያ ሰፊ ነው፣ በሁለቱም በኩል የተሳለ ነው፣ መሐሉ ላይ ወደ ላይ የወጣ መስመር አለው፣ የሚታጠቁትም ሆድ ላይ በቀበቶ ነው። ኩሚያ ግን ከእጀታው አጠገብ ቀጥ ብሎ ይጀምርና ወደ ጫፉ ይቆለመማል። በሁለቱም በኩል የሚሳለው ወደ ጫፍ ያለው ክፍል ብቻ ነው፤ የተቀረው በአንድ ወገን ነው።

ከሁሉም በላይ አፎቱን ይዩ። የኩሚያ አፎት አፉ አካባቢ ግራና ቀኝ ጆሮ የመሰሉ ሁለት ማንጠልጠያዎች ከነቀለበታቸው አሉት። ከትከሻ የሚወርድ የሱፍ ገመድ እዚያ ይታሰርና ጩቤው በግራ ጎን ይንጠለጠላል። ቀለበቱ ወድቆ ከሆነ የተሰበረበት ወይም የተበየደበት ቦታ መታየት አለበት። ምንም ምልክት ከሌለ አፎቱና ጩቤው መጀመሪያውኑ አብረው እንደነበሩ ይጠራጠሩ። በነገራችን ላይ ፊቱ ብር፣ ጀርባው ናስ የሆነ አፎት ስላዩ «ተጭበረበርኩ» አይበሉ፤ ብዙዎቹ ሲሠሩም እንዲያ ነው።

ብረቱ ላይ ያለውን ማህተም እንደ ልደት ሰርተፊኬት ማመን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጀርመኗን የዞሊንገንን ስም ብረቱ ላይ ያገኘ ገዢ ወይ «ጀርመን ሠራሽ ነው» ይላል፣ ወይ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የማግሬብ አንጥረኞች ከአውሮፓ የመጣ ስለት ገዝተው የራሳቸውን እጀታና አፎት ይገጥሙለት ነበር። ስቡላ የሚባለው ቀጥ ያለ የሞሮኮ ጩቤ ደግሞ ከአውሮፓ ሳንጃ ተቆርጦ የተሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ማህተሙ የሚነግርዎት ብረቱ ከየት እንደመጣ ነው፤ ጩቤው የት እንደተሠራ አይነግርዎትም።

እንዲያም ሆኖ ጥቅም አለው። ስለቱ «ግራ» (Gras) የሚባለው የ1874ቱ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የፈረንሳይ ጠመንጃ ሳንጃ ከሆነ ጀርባውን በአጉሊ መነጽር ይዩት፤ ካልተፋቀ የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ በተያያዘ ጽሑፍ ተቀርጸው ያገኛሉ። 1878 የሚል ካዩ ጩቤው ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ከዚያ ምን ያህል ዘግይቶ እንደተሠራ ግን ከእጀታው መጨበጫ መለስለስና ከአፎቱ ነው የሚገመተው።

ስቡላን ካነሣን አይቀር፣ የድሮ የአውሮፓ መጻሕፍት «የዛንዚባር ሰይፍ» እያሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለብጡት ኖረዋል። መጽሐፍ ስለጻፈው ብቻ አይመኑ።

ፍሊሳን በርዝመቱ መፈረጅ

በአልጄሪያ የካቢሊያ ሰዎች ሥራ የሆነው ፍሊሳ ስሙ ከኢፍሊሰን ጎሳ ጋር ይያያዛል። በቢላዋ ልክም፣ በጎራዴ ልክም ይሠራል፤ ስለዚህ አጭሩን «የተቆረጠ ጎራዴ ነው» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፣ የእጅ መከለያ የለውም፣ የእጀታው ራስ የእንስሳ ጭንቅላት ይመስላል። ስለቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይያዙት፦ ለጌጥ የገባው ናስ በተቆፈረው መስመር ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አለበት። ላዩ ላይ የተቀባ ቢጫ ቀለም ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የተለክን የቆዳ ቀለበት እንደ ጉድለት ማየት

የሰሃራ በረሃ ሰዎች የሆኑት የቱዋሬጎች ጩቤ፣ ተለክ፣ አፎቱ ላይ ያለው ቀለበት ለቀበቶ ሳይሆን ለክንድ ነው። ግራ ክንድ ላይ ይታሰራል፣ እጀታው ወደ መዳፍ ይዞራል። ቀበቶ አይገባበትም ብሎ የሚቀይረው ሰው ዋናውን መለያ አጠፋ ማለት ነው። ስለቱ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ ከሆነም አይናቁት፤ የቱዋሬግ ቀጥቃጮች ያገኙትን ብረት ሁሉ ይጠቀማሉ።

ዓመተ ምሕረቱን ማምታታት

1300 የሚል ቁጥር ካዩ ሂጅራ (የእስልምና አቆጣጠር) ሊሆን ይችላል፤ በአውሮፓ 1882/83፣ በእኛ 1875 ገደማ ማለት ነው። ለሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ አይክፈሉ።

ማጽዳት

እባክዎ ሆምጣጤና ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት። በብሩ ጌጥ መሐል ያለው ጥቁር መስመር ቆሻሻ ላይሆን ይችላል፤ አንጥረኛው አቅልጦ የሞላው ከሆነ በማንጸባረቂያ ሲፈተግ ተመልሶ አይመጣም። ልቅ ዝገት ብቻ ካለ በጥጥ ጨርቅና በትንሽ ቀላል ዘይት ይበቃል። ብረቱን በቆዳ አፎት ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያስቀምጡት፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። እጀታው የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ ከመሰለዎት ደግሞ ሕጉን ሳያጣሩ ድንበር አያሻግሩት፤ አሮጌ መሆኑ ብቻ ከመወረስ አያድነውም።