ወደ ዊንዶውስ 11 ከመሻገራችሁ በፊት አሮጌውን ኮምፒውተር አንድ ፋይል አድርጉት

ደሴና ኮምቦልቻ ሱቅ ወይም ቢሮ ላላችሁ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙዎቻችን ግን የቆየው የሒሳብ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ እንቢ ይላል ብለን ፈርተን ተቀምጠናል።

ዲስክቱቪኤችዲ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም አውርዱና የድሮውን ኮምፒውተር እንዳለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ቅዱት። ከዚያ ራሙ ጠርቀም ያለ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ኮምፒውተር ላይ (ሆም ላይ የለም) ሃይፐር-ቪን (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ የዊንዶውስ ክፍል) አብርታችሁ ፋይሉን ክፈቱት። ሒሳብ ሠራተኛዋ የለመደችው ዴስክቶፕ፣ ጀርባው ላይ ያለው የልጇ ፎቶ ሳይቀር፣ በመስኮት ውስጥ ይመጣላታል። ፕሮግራሙ አሁንም የሚያየው አሮጌውን ዊንዶውስ ስለሆነ አይደናገርም፤ እናንተም ሌሎቹን ማሽኖች ሳትጣደፉ አንድ በአንድ ታሻግራላችሁ።

አሮጌው ኮምፒውተር በቀድሞው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ዊንዶውስን በሚያስነሳው የቆየ ሥርዓት) የሚነሳ ከሆነ ሃይፐር-ቪ ሲጠይቃችሁ ጀነሬሽን 1 ምረጡ። እኔ 2 ብዬ ግማሽ ቀን ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ ውያለሁ።

በዩኤስቢ ቁልፍ ለሚከፈት ሶፍትዌር ግን አትሞክሩት፤ ሃይፐር-ቪ ዩኤስቢውን በቀጥታ አያሳልፍም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድም አብሮ አይሻገርም፣ ሌላ ያስፈልጋል። በመስኮቱ ውስጥ የሚሠራውን አሮጌ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ንቀሉት። መብራት ድንገት ሲሄድ ፋይሉ እንዳይበላሽ ዩፒኤስ ይኑራችሁ።