ቀለሙ ልክ ሆኖም አቅጣጫው ሊሳሳት ይችላል

የአንጎልን የነርቭ መስመሮች በኤምአርአይ መሳል የጀመርኩ ሰሞን የሦስት ሳምንት ሥራ ጥያለሁ። ሶፍትዌሩ አንድም ስህተት አላሳየኝም። ነገር ግን ግራና ቀኙን የሚያገናኙት ክሮች መሃሉን ካለፉ በኋላ ወደ ላይ መውጣት ሲገባቸው ወደ ታች ያዘነብሉ ነበር። ለጀማሪ ሳስረዳ ይህችን ነገር ሳልናገር አላልፍም።

ነገሩ ሁሉ ውሃ ነው። ውሃ የነርቭ ክሩን ተከትሎ በቀላሉ ይሄዳል፤ ክሩን አቋርጦ ለመሄድ ግን ይቸገራል። ዲፊውዥን ኤምአርአይ ይህን በብዙ አቅጣጫ ይለካል፤ የክሩን አካሄድ የምንገምተው ከዚያ ነው። ክሩን ራሱን አናየውም።

የራሳችሁ ማሽን ከሌላችሁ የአንጎል ግንኙነቶችን የሚያጠናውን የሂውማን ኮኔክቶም ፕሮጀክትን ዳታ ተመዝግባችሁ አውርዱ። ቮክስሉ (ምስሉ የሚሠራበት ትንሽ ኩብ) 1.25 ሚሊሜትር፣ ቢ-ቫልዩው (ምስሉ የውሃን እንቅስቃሴ ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያሳይ የሚወስነው ቁጥር) 1000፣ 2000 እና 3000 ነው። በአንድ ሰው ዳታ ጀምሩ። መስመሮቹን የሚያሰላው ሶፍትዌር ኤምአርትሪክስ3 በነፃ ይገኛል።

ዳታው ጥሬ ከሆነ መጀመሪያ ኖይዙን (ምስሉን የሚረብሸውን የዘፈቀደ ጫጫታ) አጽዱ፤ ሌላ እርማት ከቀደመ የኖይዙ ጠባይ ይለወጣል። ከዚያ የጭንቅላት እንቅስቃሴና የምስል መጣመም ይታረማል። ፕሮጀክቱ አዘጋጅቶ የሚሰጠውን ከወሰዳችሁ ግን ይህ ተሠርቷል፣ አትድገሙት።

አሁን የአቅጣጫ ሰንጠረዡን፣ ማለትም ማሽኑ የለካባቸውን አቅጣጫዎች ዝርዝር፣ ፈትሹ። የክሩን አካሄድ በቀለም በሚያሳየው ካርታ ቀይ ግራ-ቀኝ፣ አረንጓዴ ፊትና ኋላ፣ ሰማያዊ ላይና ታች ነው። ግራና ቀኙን አንጎል የሚያገናኘው ትልቁ የክሮች ጥቅል፣ ኮርፐስ ካሎሰም፣ መሃሉ ላይ ቀይ መሆን አለበት። እኔን ያሳሳተኝ እዚህ ላይ ነው፦ ቀለሙ የመደመርና የመቀነስ ምልክትን አይለይም፤ አንዱ ዘንግ ቢገለበጥም ካርታው ያው ነው። ስለዚህ በየቮክስሉ የሚወጡትን ጭረቶች ከፊት በኩል አጉልታችሁ እዩ። ከመሃል ወደ ጎን ሲሄዱ ወደ ላይ ካልታጠፉ በሰንጠረዡ ላይ የአንዱን ዘንግ ምልክት ቀይሩና እንደገና እዩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የክሩን አቅጣጫ ለመገመት የሚያገለግለው ቀላሉ ሞዴል፣ ቴንሰር፣ በአንድ ቮክስል አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሰጥ ክሮች በሚሻገሩበት ቦታ አያስተማምንም፤ በአንድ ቮክስል ብዙ አቅጣጫ መለየት የሚችለውን ስፌሪካል ዲኮንቮሉሽን ተጠቀሙ። መጀመሪያ 100,000 መስመር ብቻ አስሉና ተመልከቱ፤ ደህና ከሆነ ወደ 10 ሚሊዮን ሂዱ።

የመስመሩን ብዛት የነርቭ ብዛት አድርጋችሁ አትጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 20 ቡድኖች መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ሰው ሠራሽ ዳታ ሲፈተኑ፣ አብዛኞቹ ካገኟቸው እውነተኛ ጥቅሎች የሚበዙ የሌሉ ጥቅሎችን ስለዋል። አዲስ ግንኙነት ያገኛችሁ ሲመስላችሁ መጀመሪያ የአናቶሚ መጽሐፉን ግለጡ።