ጤና ጣቢያ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

እናቴ የደም ግፊት ክትትል ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። በየወሩ አንድ ቀን፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ቦታ እንይዛለን። እዚያ አግዳሚ ላይ ሰው ሁሉ ያወራል። ማን ምን እንደታመመ፣ ምን እንደዋጠ፣ የት ሄዶ ምን እንደተባለ ትሰማላችሁ። የምጽፈው እዚያ የሰማሁትንና ያየሁትን ነው። አንዳንዱን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ።

ጤና ጣቢያን ዘልሎ ሆስፒታል መሄድ

"ዋናው ዶክተር ያለው ሆስፒታል ነው" ብሎ ለጉንፋንም ለቁርጠትም ድል ጮራ የሚሄድ ብዙ ሰው አለ። ድል ጮራ ግን ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከከተማው ሰው ሌላ ከሶማሌና ከኦሮሚያ አጎራባች ወረዳዎች የተላከ በሽተኛ ይጠብቀዋል። ቀዶ ጥገና የሚፈልገውም፣ ከባድ ምጥ የያዛትም ያለችው እዚያው ነው። ለሳል የሄደ ሰው ግማሽ ቀን ቢቀመጥ አያስገርምም።

ጤና ጣቢያ ያለው ጤና መኮንን በዲግሪ የሰለጠነ ነው። ወባን፣ ታይፎይድን፣ ቲቢን፣ ግፊትንና ስኳርን መርምሮ ያክማል። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ጽፎ ይልካል። ያ ወረቀት በተለይ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ለሆነ ሰው ትልቅ ዋጋ አለው። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነስታችሁ በሪፈር ስትሄዱ ነው። ደረጃውን ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይዞራል። አንድ አባት ይህን ሳያውቁ ሄደው፣ የመድን ደብተራቸውን በእጃቸው እንደያዙ ከፍለው ተመለሱ። አግዳሚው ላይ ሲያወሩት አሁንም ይከፋቸው ነበር።

የመድኑ ሌላው ስህተት ስንታመም ማስታወሳችን ነው። ምዝገባውም እድሳቱም በዓመት አንዴ፣ ጊዜ ተወስኖለት ነው የሚካሄደው። ቀበሌ ማስታወቂያ ሲወጣ ያላደሰ ሰው በኋላ ታሞ ቢሮጥ አይደርስለትም። መዋጮ መክፈል የማይችል ቤተሰብ መንግሥት የሚሸፍንለት መንገድ አለ። ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም።

ትኩሳትን በግምት ማከም

ይሄን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ጉዳዩ የድሬ ስለሆነ ነው።

ድሮ ትኩሳት ሲይዘን "ወባ ነው" እንል ነበር፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነበርን። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነገሩ ተቀይሯል። በዚያ ዓመት ዴንጊ የሚባለው ትንኝ የምታስተላልፈው ትኩሳት እዚህ ከተማ ገባ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባል ሌላ የትንኝ በሽታ መጣና ቤት ለቤት አዳረሰን። ጣቱን ማጠፍ አቅቶት፣ ደረጃ መውጣት ተስኖት የከረመ ሰው የሌለበት ግቢ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በማይጠበቅበት በበጋው ወር ተነሳ። ያኔ ያመጣችው ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ነች። ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል።

እንግዲህ ሦስቱም በሽታዎች የሚጀምሩት በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ነው። በዓይን አይለዩም። ሕክምናቸው ግን ይለያያል።

ጎረቤታችን አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። ትኩሳት ይዞት መድኃኒት ቤት ሄደና ለቁርጥማቱ ዳይክሎፍናክ ገዛ። ሁለት ቀን ዋጠው። ትኩሳቱ በረደለት፤ "ተሻለኝ" ብሎ ሥራ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ አልቆም ብሎ ደማ። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ዴንጊ ነበር። ደግነቱ እናቱ ሳትውል ሳታድር አድርሳው ተረፈ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ዳይክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፊንና አስፕሪን ዴንጊ ባለበት ሰው ላይ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ምርመራ እስክታገኙ ድረስ ለትኩሳትም ለሕመምም ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ። እሱም ለአዋቂ ሰው በቀን ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አይለፍ። ፈሳሽ በብዛት ጠጡ። ሁለተኛ፣ ዴንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ከታየ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል። "ተሽሎኛል" ብሎ የሚዘናጋው ሰው የሚጎዳው በዚህ ሰዓት ነው።

ወባ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። ኮአርተም ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት እየተደረገ ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን ይወሰዳል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲሆን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ሰው በሁለተኛው ቀን ላብ በላብ ሆኖ ይነሳና የቀረውን "ለሚቀጥለው" ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ወይ ለታመመ ወንድሙ ያካፍለዋል። እንዲህ ሁለቱም ሳይድኑ ይቀራሉ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ለእሱ 14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኩዊን የሚባል ተጨማሪ ኪኒን ሊታዘዝ ይችላል። ውጤታችሁን ስትቀበሉ "የትኛው ወባ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ጫቱን መደበቅ

ባለሙያው "ጫት ትቅማለህ?" ሲል "አይ፣ አልፎ አልፎ" የሚል መልስ ስንት ጊዜ ሰማሁ። ጠያቂው የድሬ ልጅ ነው። በርጫ ምን እንደሆነ ያውቃል። የጠየቀው ሊፈርድባችሁ አይደለም፤ መልሱ ሕክምናውን ስለሚቀይረው ነው።

ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ቅመህ መጥተህ ስትለካ ቁጥሩ ይወጣል፤ የማያስፈልግህ መድኃኒት ሊጨመርልህ ይችላል። ቡናም ሲጋራም እንዲሁ። ከመለካታችሁ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቡናና ከሲጋራ ራቁ፤ ቅማችሁም አትምጡ። አምስት ደቂቃ አረፍ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እግራችሁን መሬት አስነኩ፣ ሲለካ አታውሩ። እናቴ ዳገቱን ወጥታ እንደደረሰች በተለካች ቀንና ተረጋግታ በተለካች ቀን ያለው ልዩነት እኔን ራሴን አስደንግጦኛል።

ሌላም አለ። አምፒሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ጫት እየተቃመ ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን በደንብ ይቀንሳል። ይህ ጫት በሚቃምባት በየመን ተጠንቶ የታወቀ ነው። አሞክሳሲሊን ላይም በመጠኑ ይታያል። ቅሞ ከጨረሱ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ መዋጥ ይሻላል። "መድኃኒቱ አልሠራልኝም" የሚል ሰው ይህን ማንም አልነገረው ይሆናል። ያልነገረው ግን እሱም ስለደበቀ ነው።

ቤት ውስጥ የጠጣችሁትን ዳማ ከሴ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከባህል ሐኪም የመጣ ሥር፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የገዛችሁትን ሁሉ ተናገሩ። ስሙን ካላወቃችሁት ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ የእናቴን ኪኒኖች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዘን ነው የምንሄደው። አንድ ቀን ነርሷ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ ስታይ፣ ሁለቱ ማሸጊያዎች ስማቸው የተለያየ ሆኖ ውስጣቸው ያለው መድኃኒት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እናቴ ሁለት ሳምንት እጥፍ ስትወስድ ኖራለች። ጠዋት ጠዋት ያዞራት የነበረው ለዚያ ነው።

"ተሻለኝ" ብሎ ክትትል ማቆም

ግፊት አያምም። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ሰው ራሱን ሲያመው ብቻ ኪኒን ይውጣል፤ ሳያመው ይተዋል። መድኃኒቱ ቁጥሩን ያወረደው ስለተዋጠ ነው፤ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። ግማሽ አካሉ የማይንቀሳቀስለት አንድ የሰፈራችን ሰው ለሦስት ወር ኪኒኑን አቁሞ ነበር። አሁን ልጁ ናት የምታጎርሰው።

ቲቢም እንደዚሁ ነው። ሕክምናው በተለመደው 6 ወር ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ሰውነትም ይመለሳል። ያኔ ያቆመ ሰው በሽታው መድኃኒት የተለማመደ ሆኖ ሊመለስበት ይችላል። ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ወይም ሌላ ከተማ የምትሄዱ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። የዝውውር ወረቀት አጽፉ።

ነጻ መሆኑን አለማወቅ

የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቲቢ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክፍያ የላቸውም። ገንዘብ የለኝም ብላ ቤት የምትቀር እርጉዝ ግን አሁንም አለች።

ከገንዘብ ይልቅ የሚያስቀረው ግን ሌላ ነው፦ "ሆዴ ሳይታይ ለምን አወራለሁ፣ የሰው ዓይን አለ።" ይህን ስሜት አልንቀውም፤ እናቶቻችንም እንዲሁ ነው ያሳደጉን። ግን ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢጀመር ደም ማነሱ፣ ግፊቱ፣ ቂጥኙ፣ የጉበት ቫይረሱና ኤች አይ ቪው ቀድሞ ይታወቃል፤ ሕፃኑን ለማዳን ጊዜ ይገኛል። አዋላጇ ጋ መሄድ ለጎረቤት ማውራት አይደለም። ክፍሉ በር አለው፣ ይዘጋል።

ክትባት ላይ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ሁሉም ይሄዳል። በ9 ወር ኩፍኝ ይከተባል። በ15 ወር ያለው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ግን ይዘለላል፤ ልጁ ይሮጣል፣ እናቱም ሥራ ጀምራለች። የክትባት ካርዱን ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር አስቀምጡት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ከበር መመለስ

"ደህና ነን፣ ሌላ ቀን ነይ" እንላታለን። እሷ ግን በዚያ ሙቀት ጃንጥላ ይዛ ከቤት ቤት የምትዞር፣ በነርስነት የሰለጠነች ባለሙያ ነች። ግፊት ትለካለች፣ ክትባት ያቋረጠ ልጅ ትፈልጋለች፣ የወለደች ትጠይቃለች።

በርሜሉን ልታይ ስትልም አትከፉ። የዴንጊዋ ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ከውኃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውኃውን ደፍቶ መሙላት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንዴ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት፣ ከዚያ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። የስቴፈንሳይም መኖሪያ ያው በርሜል ስለሆነ በአንድ ሥራ ሁለቱን ትከላከላላችሁ።

ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ድሬ ላይ አያት ሶማሊኛ፣ ልጅ አማርኛ፣ አክስት ኦሮምኛ የሚያወሩበት ቤት ብርቅ አይደለም። አያትን ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር መላክ ግን ልክ አይደለም። አያት ስለ ሽንታቸው ወይም ስለ ማህፀናቸው ለልጁ አይናገሩም፤ ልጁም የአወሳሰዱን መመሪያ አያስታውስም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ቋንቋቸውን የሚናገር ባለሙያ አይጠፋም። ካርድ ስታወጡ ጠይቁ።

በአጣዳፊ ሰዓት ወረፋ መያዝ

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ ያልኩት ለሁሉም ነገር አይደለም። እርጉዝ ከደማች ወይም ካንቀጠቀጣት፣ ሰው ራሱን ከሳተ፣ ፊቱ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ መተንፈስ ካቃተው፣ እባብ ከነደፈው ካርድም ወረፋም አይጠበቅም። መድኑም ድንገተኛን እንደ ተራ ሕመም አያየውም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። አሁን መዝግቡት። ስትደውሉ የሰፈሩን ስም ብቻ ተናግራችሁ አትዝጉ። ሹፌሩ የሚያውቀውን መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ጥሩለት። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከዴቻቱ በየትኛው ማዶ እንዳላችሁ ንገሩት፤ ወንዙ ከሞላ የሚመጣበትን መንገድ ቀድሞ መምረጥ አለበት።