የኪራይ ቤት ግድግዳን ያለ ቀለም ማሳመር፦ ለምን ይወድቃል? ምን ይደረግ?

አከራይ ቀለም መቀባት ላይፈቅድ ይችላል። ቢፈቅድም የቀለሙም የቀቢውም ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ስቲከር፣ ፎም፣ ጨርቅ፣ ስዕል እንሞክራለን። ከዚያ ይወድቅና "ርካሽ ዕቃ ስለገዛሁ ነው" እንላለን። እኔ ቤት ስቀያይር የገባኝ ግን ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ዕቃው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ነው። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግድግዳችሁን እወቁት።

የለጠፍኩት በሳምንቱ ተላቀቀ

ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በዚህ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የወደቀውን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። ሙጫው ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ሙጫው ሥራውን ሠርቷል፤ የለቀቀው ግድግዳው ነው። ኖራ የተቀባ ወይም ውሃ በበዛበት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላዩ ይበናል። ጀርባችሁን ስታስደግፉ ልብሳችሁን ካነጣው እንዲህ ያለው ነው። ዱቄት ላይ ደግሞ የትኛውም ደብል ቴፕ አይዝም።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ ዓመት የሳሎኔን አንድ ጎን የጡብ ቅርጽ ባለው ፎም ሸፈንኩት። ሐምሌ ላይ፣ ሌሊት፣ ከላይኛው ጥግ ጀምሮ ተራ በተራ መውደቅ ጀመረ። ጠዋት አንዱን አነሳሁት። ጀርባው እንደ ዳቦ ቤት ጠረጴዛ ዱቄት ለብሷል። በጣቴ ስጠርገው ከሥሩ ያለው ሙጫ ገና እንደ አዲስ ይጣበቅ ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። የጣት ርዝመት ያለው ስኮች ለጥፉ፤ በአውራ ጣት እሹት፤ ጥቂት ቆይታችሁ ባንዴ ንጠቁት። ንጹህ ሆኖ ከወጣ ግድግዳው ይይዛል። የዘይት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ትንሽ ዱቄት ካነሳ በደረቅ መጥረጊያ ጥረጉት፣ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አብሱት፣ አንድ ቀን አድርቁትና ደግማችሁ ፈትኑት። አሁንም ዱቄት ካነሳ፣ ወይም ቀለሙን እንደ ቅርፊት ይዞ ከወጣ፣ የሚለጠፍ ነገር አትግዙ። ስቀሉ እንጂ አትለጥፉ።

ለመስቀል የእኔ ምርጫ አቡጀዲ ነው። ርካሽ ነው፣ ብርሃን አይውጥም፣ ቤት ስትለቁ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሳትቆርጡት በፊት እጠቡት፤ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ላዩን አጥፋችሁ ስፉና የመጋረጃ ሽቦ አስገቡበት። ሁለት ሚስማር ጫፍና ጫፍ ይበቃዋል። ከታች ጫፉ ላይ ያረጀ ነጠላ ጥለት ቢሰፋበት ሌላ ጌጥ አይፈልግም። ሽሮ ሜዳ ጥለት ለብቻው የሚሸጡም አሉ። ከአልጋው ወይም ከሶፋው ጀርባ ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ይበቃል፤ አራቱንም አትሸፍኑ።

አንድ ነገር አደራ፦ ፎምም ሆነ ጨርቅ ከምድጃ፣ ከከሰልና ከኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብ አይደረግም። ፎም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። በአንድ ክፍል የምታበስሉ ከሆነ የማብሰያውን ጎን ባዶውን ተዉት።

ሚስማሩ አልገባ አለ፤ ወይም ገብቶ ይወላልቃል

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የሚጣመም ከሆነ ኮለን ወይም ቢም (የኮንክሪት ምሰሶ ወይም አግዳሚ) ላይ ነው የመታችሁት። በጣታችሁ አንጓ ግድግዳውን አንኳኩ፤ ኮንክሪቱ ድፍን ድምፅ አለው፣ ብሎኬቱ ባዶ ባዶ ይላል። ወደ ብሎኬቱ ፈቀቅ በሉ፤ ካልሆነ አጭር የኮንክሪት ሚስማር ግዙ።

የሚወላልቅ ከሆነ ደግሞ ልስኑ አሸዋ በዝቶበታል፤ ወይም ሚስማሩ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ገብቷል። ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉት፣ ቀጭን እንጨት ሰክታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ መልሳችሁ ምቱ። የሚመታው ቦታ ላይ መጀመሪያ ስኮች ብትለጥፉ ልስኑ ብዙም አይፈረፈርም። የሚስማሩ ሹል ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ወደ ታች፣ ራሱ ወደ ላይ እንዲያዘነብል አድርጋችሁ ምቱ።

ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በላይ፣ በታችም ሆነ በጎን ትይዩ ፈጽሞ አትምቱ። ሽቦው በዚያ መስመር ሊሆን ይችላል። የሻወር ቤትን ግድግዳ ከጀርባው አትምቱ፤ ቧንቧ አለው።

ከጨርቁ ጀርባ ጠቆረ፣ ሽታ መጣ

እርጥበት ነው። ጥያቄው ከየት መጣ የሚለው ነው። አንድ ላስቲክ ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በቴፕ አሽጉና አንድ ቀን አቆዩት። ጠብታው ወደ እናንተ ባለው ፊት ከሆነ ከቤቱ አየር የመጣ ነው፦ ከእንፋሎት፣ ቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስ። መስኮት ክፈቱ፤ ጨርቁን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ጣት አርቃችሁ ስቀሉ። ሻጋታውን ውሃ በተቀላቀለበት በረኪና ጓንት አድርጋችሁ አብሱ፤ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።

ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ይጠጣል። ይህን በጌጥ አትሸፍኑት። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነማ በተለይ። ፎቶ አንሱና ለአከራዩ አሳዩ፤ ጥገናው የእሱ ነው።

ጭቃ ቤት ነው፤ አፈሩ ይረግፋል

እዚህ ወረቀት የሚያህል የለም። እናቶቻችን ያውቁበታል። ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ስንቱን ግድግዳ አልብሷል። እኔም ፊደል ማያያዝ የለመድኩት አልጋዬ አጠገብ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው።

አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአራት ኩባያ ውሃ በጥብጡ። እያማሰላችሁ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን አብስሉና አቀዝቅዙት። መጀመሪያ ጋዜጣ፣ እሱ ሲደርቅ ከላዩ ነጭ ወይም ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት። ቶሎ የሚያበላሸው በረሮ ነው፤ ሊጡን ይበላል። ስለዚህ ወጥ የሚሠራበት ጥግ ላይ አትለጥፉ፤ ጠርዞቹንም ክፍት አትተዉ።

አሳመርኩት፤ ግን ቤቱ ጠበበ

ትንንሽ ነገር በየቦታው ስለበተናችሁ ነው። አውርዱና አንድ ላይ ሰብስቧቸው። መሃላቸው በቆመ ሰው ዓይን ትይዩ ይሁን፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቃል፦ ስፌቱና ሳህኑ ተሰብስቦ፣ ረድፍ ጠብቆ ነው የሚሰቀለው። ስፌት ቀላል ነው፤ ትንሽ ሚስማር ይችለዋል። ቤቱ ጨለማ ከሆነ መስተዋት ከመስኮቱ ፊት ለፊት አድርጉ።

ቤት ስለቅ ቀለሙ ይላጣል

ስቲከሩን ጎትታችሁ አትንቀሉ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና ከላይኛው ጠርዝ ጀምራችሁ ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ሳቡ። ለፎም ጠንካራ የስፌት ክር ከጀርባው አስገቡና እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። የቀረውን ሙጫ የምግብ ዘይት ያለቅቀዋል፤ ግን የዘይት ቀለም ላይ ብቻ። ኖራ ላይ ከነካ እድፉ አይለቅም።

ጭቅጭቁን የሚያስቀረው የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ነው። የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። እዚያው ላይ አንድ መስመር አስጨምሩ፦ ምን ያህል ሚስማር እንደተፈቀደላችሁ፣ ስትወጡም ቀዳዳውን ደፍናችሁ እንደምታስረክቡ።